ቀፎ ውስጥ ያስቀመጥሽልኝ መዶሻዎች

ዘሃራዬ፣ የነገረኛው ባልሽ ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ፤ አላህ ይማርሽ። ያ ንዳድ ከእጄ ከነጠቀሽ አንድ ክረምት አለፈ። የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ጎደለ፣ እኔ ግን እንዳለሁ አለሁ። የቁርአን ቤቱ ሼህ አባረውኝ፣ የፊደሉ መምህርም እኔን ማስተማር ታክቷቸው የቀረችኝ እውቀት ይህችው ናትና ጽሕፈቴ ላይ አትሳቂ። ደግሞ ሳቂ፣ ማን ከለከለሽ!

እናትሽ ደህና ናቸው። ጆሯቸው ግን ይበልጥ ደክሟል፤ አንዱን ቀልድ ስነግራቸው ደጋግሜ መጮህ አለብኝ። ከእኔ ሌላ ጧሪ የላቸውም። ችግሩ ጣሊያን ወደ ካራቆሬ የሚያወጣው መንገድ ነው። መዶሻ የተገኘበት አናጢ ከነመዶሻው ለመንገዱ ሥራ ይነዳል፤ ከሄዱት እስካሁን የተመለሰ የለም። እኔ የቀረሁት በአንቺ ብልሃት ነው።

ታስታውሻለሽ? መዶሻውን እንደ ሠራሁበት መሬት ላይ ጥዬው ስገባ ምስጥ እጀታውን በልቶ ያድር ነበር። ግድግዳ ላይ ስሰቅለው ደግሞ የቆላው ሙቀት እንጨቱን ያደርቀውና፣ የግመል ኮርቻ ስገጥም ብረቱ ወልቆ ይበራል። የጎረቤታችንን ፍየል እንኳ ለጥቂት ሳታት። ያኔ የአባትሽን አሮጌ ቀፎ አውርደሽ፣ በእበት መርገሽ፣ ከወጋግራው ላይ በጠፍር አንጠለጠልሽው። ከባዱን መሃል፣ ቀላሉን ዳር ዳር፣ እጀታውን ሁሉ ወደ አፉ። በየጁምዓው እጀታዎቹን የጉሎ ዘይት እየቀባሽ፣ “አናጢ አገባሁ ስል ባለ ቀፎ ሆኜ ቀረሁ” ትዪ ነበር። እኔም አንድ ቀን ዶሮ ከተትኩበት። መዶሻ ልታወጪ እጅሽን ስትሰጂ ዶሮዋ ፊትሽ ላይ! እስከ ወንዙ አባረርሽኝ።

ባለፈው ሰሞን የመንገዱ አለቃ ጣሊያን ራሱ ደጃችን መጣ። አስተርጓሚ አልያዘም። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተሸሸግሁ። “ማርቴሎ! ማርቴሎ!” ይላል። መዶሻ ማለቱ እንደሆነ ገበያ ላይ ለምጄዋለሁ። እናትሽ ግን የሰሙት “ማር” የሚለውን ብቻ ነው። “ማር ነው ልጄ? ድሮ ነበረን፤ ቀፎው ይኸውና!” ብለው ጣታቸውን ወደ መዶሻዎቼ ቀሰሩ።

ሰውየው በርጩማ ስቦ ወጣና እጁን ወደ ቀፎው ሰደደ። ምን ላድርግ? ከመጋረጃው ጀርባ በአፍንጫዬ “እዝዝዝ” አልኩ። አንድ ንብ እንዳይመስልሽ፣ መንጋውን ነው የሆንኩት። ሰውየው ከበርጩማው ዘሎ፣ ባርኔጣውን ጥሎልን እስከ በቅሎው ሮጠ። እናትሽማ ሲሮጥ አይተው፣ “አልሐምዱሊላህ፣ ንቦቹ ተመለሱ!” ብለው ዱዓ ያዙ። እስካሁንም ማር ይጠብቃሉ።

በሳቅ ፈርሼ ልነግርሽ ዞርኩ። “ዘሃራ” ብዬ ሳልጨርስ ነው አለመኖርሽ ትዝ ያለኝ።

እንግዲህ መዶሻዎቹም እኔም በቤትሽ አለን። የጁምዓውን ዘይት እቀባለሁ፤ ከባዱን መሃል፣ እንዳልሽው። እናትሽንም አልጥልም። ቀልዱንም አልተው፤ ብቻ አንድ ቀልድ ከተናገርኩ በኋላ ትንሽ ዝም እላለሁ። ሰው ቀሪው የጠፋኝ ይመስለዋል። አንቺ የምትስቂበት ቦታ ነው፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ማንም አይገባበትም።

ያው ባለጌው ባልሽ፣
ሰይድ