ከነጠላዬ ጫፍ የተቆረጠው

መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወለደችኝ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ብርዱን እንዴት ቻለው? ላሚቱስ በሰላም ወለደች? ሰሞኑን ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲጥል፣ ያልደረቀ ሸክላ ደጅ አስጥታ ይሆን እያልሁ ስጨነቅ ነው የሰነበትሁት። እኔ በአካል ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። በአካል ያልሁት አውቄ ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ወራት ስላለፈው ይህን በባንቺዓለም እጅ ልኬልሻለሁ፤ ከእስቴ ቅቤ ይዛ ንፋስ መውጫ የምትመላለሰዋ ነጋዴ ናት። ስልኩ ቢሠራም ይህን በስልክ አልነግርሽም ነበር። ስንዱ እህቴ፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽና ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ደስ የማይልሽ ቦታ ስትደርሺ እንዳትዘይው፤ ጠባይሽን አውቀዋለሁ።

እናቴ፣ መጀመሪያ ስለ ሥዩም ልንገርሽ። እዚሁ እኔ የማዋልድበት ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ነው፤ አባቱ ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረን ነበር። ወዴት ልላክ ሲለኝ መካነ ኢየሱስ፣ አክስቴ ዘንድ አልሁት። ተማሪ ሳለሁ ቤት ያከራዩኝን እትዬ አበባየሁን ነው አክስቴ ያልኋቸው። እናት አባት የለኝም፣ እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ አልሁት። ይኸው ጻፍሁት። ከሰው ሰምተሽው እንደሆነ አላውቅም፤ ሰምተሽ ዝም ያልሽ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ማንጠግቦሽ የምትባል የስማዳ ልጅ አብራን ትሠራለች፤ ነርስ ናት። አባቷ ቀጥቃጭ ነው፣ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ። እሷ እንደ እኔ አልተደበቀችም። የመጣች ዕለት የማን ልጅ ነሽ ሲሏት ከነአባቷ ሥራ ተናገረች። ምን ዓይነቷ ሞኝ ናት አልሁ በልቤ። በሳምንቱ ጤና ጣቢያው፣ በወሩ ገበያው ሁሉ ሰማ። ክትባት ላይ ነበረች፤ እጇ ቀላል ነው፣ ሕፃን ገና ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት እሷ ወግታ ጨርሳለች። እናቶች ግን ተረኛዋ እሷ መሆኗን ሲያዩ የልጃቸውን ፊት በነጠላ ሸፍነው መመለስ ጀመሩ። ጠይብ ናት፣ ዓይኗ ይበላል እያሉ።

ኃላፊያችን አቶ አገኘሁ የተማረ ሰው ነው። "እኔ አላምንበትም" ይላል ሁልጊዜ። ከሚያምኑት ሁሉ ይልቅ የጎዳት ግን እሱ ነው። ለሰላም ሲባል ብሎ ካርድ ክፍል አስገባት፤ ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ሙሉ የበሽተኛ ካርድ ስትፈልግ ኖረች። ምሳ ስንበላ እሷ ብቅ ካለች የምሳ ዕቃው ይከደናል። አንዱ ጠገብሁ ይላል፤ ሌላው፣ ኔትወርክ በሌለበት አገር፣ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ይነሣል። እኔ ጠገብሁ ከሚሉት ነበርሁ። ሰዎች ያንቺን ድስት ገዝተው ወጥ እየሠሩበት አንቺን ከደጃፋቸው እንደማያሳልፉሽ እያየሁ ያደግሁት ልጅሽ፣ ጠገብሁ እያልሁ እነሣ ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ ላይ የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ የየሺ ልጅ ታመመች። ፍሬሕይወት ትባላለች፣ ሦስት ዓመቷ ነው። በዚያን ቀን ማንጠግቦሽ ከምሳዋ ዳቦ ቆርሳ ሰጥታት ኖሮ፣ ሲመሽ ልጅቷ ማስመለስና ማስቀመጥ ያዛት። በማግሥቱ ሥዩም ሰገራዋን በማይክሮስኮፕ አየው፤ ጃርዲያ ነው ብሎ በእጁ ጻፈ። ሽሮፕ ታዘዘላት። የሺ መድኃኒት ተምራ የተመረቀች ሴት ናት እኮ! በአንድ እጇ ሽሮፑን እያጠጣች በሌላው ጨርቅ ፈለገች። የምን ጨርቅ እንደሆነ ላንቺ አይነገርም፤ ስንቴ ነው ካሰጣሽው ልብስ ላይ ጫፍ ተቆርጦ ያገኘሽው? የተጠረጠረው ሰው የልብሱ ቁራጭ ተሰርቆ ፍም ላይ ይጤሳል፣ በሽተኛው ይታጠንበታል፣ የበላው ይለቀዋል፤ ይኸው ነው።

ቁረጪልኝ ብላ የለመነችው እኔን ነው። የማንጠግቦሽ ነጠላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ከኔ ነጠላ ጎን ነው የሚሰቀለው። እምቢ ማለት ፈራሁ፤ ለምን እምቢ አለች ብለው ዘሬን ቢቆጥሩስ? ማንጠግቦሽን መበደልም ፈራሁ። መቀስ ይዤ ገባሁና ከራሴ ነጠላ ጫፍ ሁለት ጣት የምታህል ቆርጬ ሰጠኋት። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ! ልጅቷ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ጨርቁ ምንም አያደርግም፣ የሺም ትረጋጋለች፣ ማንም አይጎዳም ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ተነሥታ ምግብ ጠየቀች። መድኃኒቱ ነው ያዳናት፤ ግን ማን ይስማኝ? ጨርቁ ሠራ ተባለ። ጨርቁ የማንጠግቦሽ ነው፣ እንግዲያው የበላቻት ማንጠግቦሽ ናት። እስከዚያ ቀን ሐሜት ብቻ ነበር የነበራቸው። ማስረጃ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ እናቴ።

ከዚያ ወረቀት ተጻፈባት። የሠራተኛውን ጤናና ሰላም ስለምታውክ ከዚህ ትነሣልን የሚል። ባለፈው ሰኞ አቶ አገኘሁ ሁላችንን ሰበሰበ። እሱ እንደማያምንበት ተናገረ፤ ሆኖም የብዙኃኑን ድምፅ ማክበር አለብኝ አለ። ማንጠግቦሽ እዚያው ፊታችን ተቀምጣለች። ወረቀቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ሥዩም ጋ ደረሰ። ጃርዲያ ብሎ የጻፈው ሥዩም፣ በዚያው እጁ ፈረመ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ እስክርቢቶውን አቀበለኝ።

እውነቴን ነው የምልሽ፣ ልፈርም ነበር። ዝም አይነቅዝም እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ፤ ዝም ማለት ያኖረናል ብለሽ። የያዝሁትን እስክርቢቶ እያየሁ ፋሲካን አሰብሁ፣ ሽማግሌውን አሰብሁ፣ የሰርግ ልብሴን ሳይቀር አሰብሁ። ከዚያ ማንጠግቦሽን አየኋት። አታለቅስም። ማን ፈረመ ማን ቀረ ብላ እየተከታተለች ነው፤ እኔ ላይ ስትደርስ ዓይኗ አልቆየም፤ ቀድማ ከፈረሙት ቆጥራኛለች። እሱ ነው ያስነሣኝ።

"ልጅቷ የታጠነችበት ጨርቅ የኔ ነው" አልሁ። ከራሴ ነጠላ ነው የቆረጥሁት፣ በሱ ከዳነች እንግዲህ የበላኋት እኔ ነኝ አልኋቸው። ሳቁ። አቶ አገኘሁ ራሱ እየሳቀ፣ ሲስተር፣ አንቺማ የጨዋ ልጅ ነሽ፣ ለሰው ስታዝኚ ነው አለኝ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ የተቆረጠውን ጫፍ ዘረጋሁላቸው።

"የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። እናቴ እስቴ ውስጥ ሸክላ ትሠራለች፤ በሕይወት አለች።"

ሳቁ ቆመ። የልጅቷ ካርድ ላይ የተጻፈውን አንብቡት፣ የጻፈውም እዚህ ተቀምጧል ብዬ ቀጠልሁ፤ የሰማኝ ያለ አይመስለኝም። የሺ ወንበሯን ከኔ ራቅ አደረገች። እናቴ፣ የዚያች ሴት ሁለተኛ ልጇን ሌሊቱን ሙሉ አብሬያት አምጬ ያዋለድኋት እኔ ነኝ። አቶ አገኘሁ ወረቀቱን አልቀደደውም፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በማግሥቱ ለጊዜው በሚል ቃል እኔም ከማዋለጃ ተነሥቼ ካርድ ክፍል ገባሁ።

ሥዩም በር ላይ ጠበቀኝ። እሱም አላምንበትም አለ። ይህች አገር አላምንበትም በሚሉ ሰዎች ሞልታለች። አባቴን ግን ምን ልበላቸው አለኝ። ቀጥሎ፣ የጎዳኝ ዘርሽ አይደለም፣ እናትሽ በቁማቸው ሞተዋል ማለትሽ ነው አለኝ። መሸሸጊያ ያደረገው እውነቱን ነው፤ ግን እውነት ነው። ሽማግሌው እንደማይመጣ ሁለታችንም አውቀን ተለያየን። ወድጄው ነበር፣ አሁንም አልወጣልኝም።

ማንጠግቦሽ ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። እቅፍ ታደርገኛለች፣ እህቴ ትለኛለች ብዬ። ካርድ ክፍል በገባሁ ቀን ምሳዬን ይዤ ጎኗ ተቀመጥሁና ከፈትሁት። "ጠገብሁ" አለችኝ። ፊቷን ወደ መደርደሪያው አድርጋ፣ "ሁለት ዓመት ብቻዬን መስሎኝ ነበር። ለካ አጠገቤ ነበርሽ" አለች። እስከ ዛሬም ለሥራ ካልሆነ አታናግረኝም። አልቀየማትም።

ካርድ ክፍል ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ትናንት ያንቺን ካርድ ፈልጌ አወጣሁት፤ የኅዳሩን። ማንጠግቦሽ ፈቃድ ወጥታ እኔ ካርድ ክፍል በተካኋት ቀን፣ ሸክላ ስታቃጥዪ ክንድሽ ላይ እሳት ደርሶብሽ የመጣሽውን። ከእስቴ እስከዚህ ድረስ፣ መካነ ኢየሱስ ሐኪም እያለ፣ ለምን እንደመጣሽ ገብቶኝ ነበር። ከበሽተኞቹ መሐል ቆመሽ ስታዪኝ፣ ሰው እንዳያየን ብዬ ዓይኔን መለስሁ። አንቺ ግን ቀደምሽኝ። "ሲስተር፣ ያክሙኝ" አልሽኝ፣ የወለድሽኝን ልጅሽን አንቱ ብለሽ። ሰው እየሰማ ስምሽን ጠየቅሁሽ፤ ዕድሜሽን ጠየቅሁሽ፤ ተጠሪ ቤተሰብ አለዎት ወይ አልሁሽ። "የለኝም" አልሽ። ካርዱን ጽፌ ቁስልሽንም እኔው አጥቤ ስጠቀልልልሽ አንድም ጊዜ አላቃሰትሽም። እግዜር ይስጥልኝ ብለሽኝ ወጣሽ። ክንድሽ ዳነ ወይ? ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ፈርቼ ነው።

ካርዱ ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ "ተጠሪ፦ የለም" ይላል። ልሰርዘው እስክርቢቶ አነሣሁ፤ የተጻፈ ካርድ መሰረዝ ክልክል ነው ብላ ማንጠግቦሽ ከለከለችኝ። አዲስ ካርድ የሚወጣው ባለቤቲቱ ራሷ ስትመጣ ነው አለችኝ።

ስለዚህ ነይ፣ እናቴ። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ከባንቺዓለም ጋር ነይ። በበሩ በኩል፣ ሰው ሁሉ በሚያይሽ በኩል ግቢ።

እመቤታችን ትጠብቅሽ። እጅሽን ጭቃው አይጉዳው፣ እሳቱም ይራራልሽ። ስንዱን ሳሚልኝ። ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለትንሣኤው ያድርሰን።

ተጠሪሽ፣
ልጅሽ