የወለሉ መግለጫና ልጄ

ሰኞ፣ ኅዳር 4
የሦስተኛ ፎቅ ኮሪደርን ዛሬ ጀመርን። የፕላስቲክ ንጣፍ ነው፣ እንጨት መሳይ። ማስቲሽ መቀባት፣ ማንጠፍ፣ ቁጭ ብድግ... ጉልበቴ ቂም ይዞብኛል። አብሮኝ የሚያነጥፈው ራዲዮ (አፉ ስለማይዘጋ ነው ስሙ) የንጣፉን ካርቶን ሲያገላብጥ ቆየና፦
«ጋሼ፣ ሳይት ቢሮ የተለጠፈው መግለጫ የዚህ ወለል አይደለም። ኩባንያው አንድ ነው፣ ፋብሪካው ግን ሌላ።»
«አንተ ደግሞ! ሥራህን ሥራ።»
አልኩት እንጂ ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው።
ሕንፃው የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት እንዲያገኝ የየዕቃውን የአካባቢ ተጽዕኖ መግለጫ የምትሰበስበው ልጄ ናት። ወለሉ ነጥብ የሚያገኘው በዚያ ነው። የሌላ ፋብሪካ መግለጫ ከሆነማ ነጥቡ ውሸት ነው። ሳታይ ቀርታ ነው? ወይስ አይታ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 6
እራት ላይ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩባት።
«መግለጫ የምትሉት፣ ወለሉ ጥሩ ነው ማለት ነው?»
«አይደለም አባዬ። ሲሠራ ስንት ጭስ እንዳወጣ፣ ስንት ውሃ እንደጨረሰ ፋብሪካው ይናገራል፣ ሌላ ሰው ያረጋግጣል። ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይልም።»
«እና ለመናገሩ ነው ነጥቡ?»
«ለመናገሩ።»
ኃጢአቱን ስለዘረዘረ የሚሸለም... ገረመኝ። ዋናውን ጥያቄ ግን ዋጥኩት። እሷም ሳህኗን ገፋ አድርጋ ተነሣች።

ዓርብ፣ ኅዳር 8
አትበላም። አለቃዋ ሲደውል ፊቷ ይለዋወጣል። ራዲዮ ደግሞ፣ «አለቃዋ እድገት ቃል ገብቶላታል አሉ፣ ጋሼ። ግብዣው እንዳይቀርብን!» አለኝ እየሳቀ። አሉ... ማን አለ? ግን ጥርጣሬ ገባብኝ።
እናቷ ብትኖር «ነይ እስቲ እዚህ» ብላ በአንድ ጥያቄ ትገላገለው ነበር። እኔ ለጸሎት ቆሜ እንኳ ካርቶኑ ነው የሚታየኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11
ነገ የምስክር ወረቀቱ ገምጋሚ ትመጣለች። ልጄን ዛሬ ልጠይቃት አስቤ... አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12
ተናገርኩ። ለልጄ አይደለም፣ ለገምጋሚዋ። ኮሪደሩን ስታይ ጠጋ ብዬ፣ እጄ ማስቲሽ እንደያዘ።
«እመቤት፣ ይሄ ወለል መግለጫው ላይ ካለው ፋብሪካ አልመጣም። ወረቀት የምትሰበስበው ልጅ ብትጠየቅ ጥሩ ነው።»
«እሷማ ባለፈው ሳምንት ራሷ ጽፋልናለች። ይህ ወለል ከነጥቡ ይውጣ ብላ። አለቃዋ እንዴት እንደጮኸባት ቢሰሙ! ያውቋታል እንዴ?»
እጄን በሱሪዬ ጠረግኩ።
«ልጄ ናት።»
ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13
ልጄ ሰምታለች።
«ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?»
«እውነቱ እንዳይደበቅ ብዬ...»
«እውነቱ እኔ ጋ ነበር፣ አባዬ። እዚሁ፣ ጎንህ ያለው ክፍል።»
ለእውነት ብዬ ነበር? ወይስ ዓይን ዓይኗን እያየሁ መልሷን መስማት ፈርቼ? እግዜር ያውቃል። እኔም ሳላውቅ አልቀርም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14
ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ» አለች። እሺ ብቻ።

እሑድ፣ ኅዳር 24
ኮሪደሩን ጨርሰናል። ነጥብ ባይኖረውም ይረገጣል። ልጄ ከሥራዋ አልተነሣችም፤ አለቃዋ ግን ሰላምታ እንኳ ነፍጓታል። እኔና እሷ አልተኳረፍንም። ምግብ አብረን እንበላለን፣ ትስቃለችም...
ዛሬ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። የት እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር እንደምትገናኝ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ድሮ «መጣሁ» ብላ ነበር እብስ የምትለው።
«አልጠየቅኩሽም እኮ፣ ልጄ።»
«አውቃለሁ አባዬ። ሌላ ሰው እንዳትጠይቅ ብዬ ነው።»