ሕፃናቱን «ተማሪ» ብለው ስለጻፉት ስለ መምህርት ንጋቷ ታምሩ ኅልፈት

ከወንዝ ዳር የአካለ ስንኩላን ሕፃናት መርጃ ማዕከል
ሚዛን ተፈሪ፣ የካቲት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.
ለማዕከሉ ሠራተኞች፣ ለወላጆችና ለከተማው ሕዝብ በሙሉ

የማዕከላችን የሥዕልና የእጅ ሥራ መምህርት ጓድ ንጋቷ ታምሩ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው አርፈዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው። መሥሪያ ቤት ያዝናል ወይ የሚል ካለ፣ ከሦስት ቀን ወዲህ በግቢያችን በወጉ የተሠራ ሥራ የለም።

ጓድ ንጋቷ እዚሁ አጠገባችን ሸዋ ቤንች ተወለዱ። በማሻና በቱም ለአሥራ ሁለት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ በ1971 ዓ.ም. ወደ እኛ ተዛወሩ። የተሰጣቸው የጆንያ ማስቀመጫ የነበረ ክፍልና ማየት፣ መስማት ወይም መራመድ የተሳናቸው ሰባት ሕፃናት ነበሩ። ማንም አስተምሪ አላላቸውም፤ ልጆቹን ቀን ቀን እንዲጠብቁ ነበር የታዘዙት።

በ1972 ዓ.ም. ጫካውን ወደ ክፍል አስገቡት። የማያዩት ልጆች ቅጠልና ቅርፊት እየዳሰሱ፣ እያሸተቱም ዋንዛን ከብርብራ ለዩ። የማይሰሙት በከሰልና በቀይ አፈር ሣሉ። ቡና ጥላውን ሲያጣ ምን እንደሚሆን፣ ምንጭ ዳር ያለ ዛፍ ሲቆረጥ ውሃው ምን እንደሚሆን በጭቃ ሠርተው አሳዩ። የአንዱን ቅጠል ስም በቤንችኛ፣ በሸኮኛና በከፊኛ ያስጠሩ ነበር፤ ራሳቸው ሲሳሳቱ ልጆቹ ይስቁባቸዋል፣ እርሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

በ1974 ዓ.ም. በዓመታዊው መዝገብ «ተረጂ» የሚለውን ሰርዘው በየሕፃኑ ስም አንጻር «ተማሪ» ብለው ጻፉ። ጽሕፈት ቤታችን መልሶ አረመው። በዓመቱም ጻፉ፤ በዓመቱም አረምነው። ነገሩ የቃል ብቻ አልነበረም። ተረጂ የክፍል ካርድ አይሰጠውም፤ ካርድ የሌለውን ልጅ ደግሞ መደበኛ ትምህርት ቤት አይቀበለውም። ይህን እያወቅን ነው ያረምነው።

በግንቦት 1977 ዓ.ም. በተደረገው የጽዳት ዘመቻ ከክፍሉ ጀርባ ያለውን ቁጥቋጦ በገጀራ አስመነጠርን። ለካ ሕፃናቱ ራሳቸው ተክለው በዳሰሳ የሚማሩበት ቦታ ኖሯል! ጓድ ንጋቷ አቤቱታ አልጻፉም። የማዕከሉን ኃላፊ ጓድ ሳህሉን ጠርተው ዓይናቸውን በሻሽ አሰሩና ከተረፈው ቅጠል እየዳሰሱ እንዲለዩ ጠየቋቸው። ኃላፊው ጨብጠው የጮኹት ሳማ ነበር። ማየት የተሳናት ትርፌም «አይዞዎት ጋሼ፣ ሳማ ነው፤ እኛም መጀመሪያ ቀን ይዘነዋል» አለቻቸው። ይህ በመግለጫው እንዲገባ ያዘዙት ጓድ ሳህሉ ራሳቸው ናቸው። በዚያው ክረምት ሠራተኛው በሙሉ ወጥቶ ቦታውን ከልጆቹ ጋር መልሶ ተክሏል። መዝገቡ ግን እንደነበረ ቀረ።

ሕመማቸው በጠናበት በታኅሣሥ ወር አንድ ደብዳቤ ጻፉልን። ስለ ሕክምናም ሆነ ስለ ፈቃድ አንዳች አይልም፤ አሁን በክፍሉ ያሉት አሥራ ዘጠኝ ልጆች ካርድ እንዲያገኙ ብቻ ይጠይቃል። እኛም ጉዳዩን ለየካቲት 12 ስብሰባ ቀጠርነው። ጓድ ንጋቷ በዋዜማው አረፉ።

ስብሰባው በቀጠሮው ተካሂዶ መዝገቡ «ተማሪ» ተብሎ ታርሟል፤ አሥራ ዘጠኙም ካርዶች ተዘጋጅተዋል። የክፍሉ መምህር የሚፈርምበት ቦታ ባዶ ነው። ሌላ ሰው እንዳይፈርምበት፣ ካርዱም በማዕከሉ ማኅተም ብቻ እንዲጸና ተወስኗል።

ለባለቤታቸው ለአቶ እንድርያስ፣ ለልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ቤተሰባቸውን ስለ መዘግየታችን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እርሳቸውን መጠየቅ የነበረብን ከየካቲት 11 በፊት ነበር።