ስማቸውን ከመዝገብ ስለሰረዝነው ስለ አቶ ልሳነወርቅ ዓብዩ ዕረፍት

ከሥርዓትና ነፃነት ማኅበር ጽሕፈት ቤት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሐሙስ ሜይ 15 ቀን 2025

ለማኅበሩ አባላት፣ ለጦማራችን አንባቢዎች እና በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖረው ወገን ሁሉ

የማኅበራችን መሥራችና የኢንተርኔት ጦማራችን የመጀመሪያ አዘጋጅ የነበሩት አቶ ልሳነወርቅ ዓብዩ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሰኞ ሜይ 12 ቀን በርክ፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ማኅበሩ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። እንዲህ ያለ መግለጫ እዚህ ላይ ሲደርስ «የማይተካ አባላችንን አጣን» ይላል። እኛ እንዲያ ማለት አንችልም። አቶ ልሳነወርቅ ሲያርፉ አባላችን አልነበሩም። ከሦስት ወር በፊት በሠላሳ አንድ ድምፅ አባረናቸዋል። ስለዚህ ይህ መግለጫ የወጣው የሟቹን አገልግሎት፣ የእኛን ሥራ፣ እንዲሁም ባለቤታቸው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ለቅዳሜው ቀብር ያስቀመጡትን ቅድመ ሁኔታ ለማሳወቅ ነው።

አቶ ልሳነወርቅ በደሴ ከተማ ተወልደው አደጉ። ወደ አሜሪካ የገቡት በ1996 በዲቪ ዕጣ ነው። በአሌክሳንድሪያ በመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪነት፣ በኋላም እስከ ጡረታቸው በትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርነት ሠርተዋል። ፖለቲካን በክፍል ውስጥ አልተማሩም። ጠዋት ልጆቹን አድርሰው ከሰዓት እስኪመልሷቸው ድረስ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከነማሻሻያዎቹ አነበቡ። መንግሥት ትንሽ፣ ሕግ ጽኑ፣ ቤተሰብም ራሱን የሚያስተዳድር መሆን አለበት የሚል አቋም የያዙት በዚያ ንባብ ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከዚያ ፈቀቅ አላሉም። በየምርጫው አቋማችንን ስንቀያይር የኖርነው እኛ ነን።

በ2010 ከአሥራ ሦስት ቤተሰቦች ጋር ሆነው ይህንን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ በአንድ በኩል ዕድር፣ በሌላ በኩል የሪፐብሊካን ፓርቲ ደጋፊዎች ስብስብ ነበር። ሁለቱን ለየብቻ ለማስመዝገብ ሁለት ጊዜ ፎርም መሙላት ስለሚጠይቅ በአንድ ፎርም፣ በአንድ መተዳደሪያ ደንብ እና በአንድ የስም መዝገብ ጠቀለልናቸው። አቶ ልሳነወርቅ «ቀብርና ፖለቲካ አንድ ላይ አይታሰሩም» ብለው ተቃውመው ነበር። አልሰማናቸውም።

በ2011 ሕገ መንግሥቱን በየሳምንቱ አንድ ክፍል እያደረጉ በጦማሩ ላይ በአማርኛ አስነበቡ። የዜግነት ፈተናውን መቶ ጥያቄዎችም አብራርተው አወጡ። በዚያ ጽሑፍ አጥንተው ፈተናውን ያለፉ እናቶችና አባቶች በፎልስ ቸርችና በፌርፋክስ ዛሬም አሉ። ጦማራችን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለሰው ያደረገው ጥቅም ቢፈለግ ይኸው ብቻ ነው።

ከ2010 እስከ 2024 ማኅበሩ አሥራ አንድ ሰው ቀብሯል። አቶ ልሳነወርቅ ከአንዱም ቀብር አልቀሩም። አሥራ አንዱንም ሳጥን ከሚሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ከሟቾቹ ሁለቱ እሳቸውን በጦማሩ ላይ በስም እየጠሩ ይሰድቧቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው።

በ2016 በፓርቲው የዕጩዎች ፉክክር ምክንያት ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። በአቶ ታዴዎስ የሚመራው የሲልቨር ስፕሪንግ ወገን ነፃ ንግድና አሮጌው ፓርቲ ይሻለናል አለ። በአቶ ንጉሡ የሚመራው የአሌክሳንድሪያ ወገን ታሪፍ ይጣል፣ ድንበር ይዘጋ፣ አሮጌዎቹም ይጠረጉ አለ። በ2021 የአሌክሳንድሪያው ወገን የራሱን ጦማር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጦማሮች ዋና ሥራቸው እርስ በርስ «ሪኖ» መባባል ሆነ። ሪኖ ማለት በስም ብቻ ሪፐብሊካን የሆነ ሰው ማለት ነው። በ2023 መጀመሪያ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ምርጫ በተጓተተበት ሳምንት ብቻ በሁለቱ ላይ ስልሳ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ከምክር ቤቱ አባላት መካከል አማርኛ የሚያነብ አንድም ሰው መኖሩን አናውቅም። በምክር ቤቱ የተለወጠ ድምፅ የለም። እዚህ ግን ሃያ ዓመት አብረው የኖሩ አበልጆች ሰላምታ አቆሙ፤ እስከ ዛሬም አልታረቁም። ትግል እያልን የምንጠራው ይህንን ነው።

በጃንዋሪ 2025 ሁለቱም ጦማሮች ዲቪ ይቁም፣ የቤተሰብ ጥሪም ይዘጋ በማለት ይሽቀዳደሙ ነበር። የስደተኞችን መምጣት «ወረራ» ብሎ ያልጻፈ ሰው ሪኖ ተባለ። በዚህ ጊዜ አቶ ልሳነወርቅ የመጨረሻ ጽሑፋቸውን አወጡ። ጽሑፉ አጭር ነበር። ሕግ ይከበር፣ ድንበር ይጠበቅ ማለታቸውን እንዳልተዉ ገለጹ። ቀጥለውም፣ በር ይዘጋ ብሎ የሚጽፍ ሰው በየትኛው በር እንደገባ ለአንባቢው ይንገር አሉ። እሳቸው በዲቪ መግባታቸውን፣ ባለቤታቸውንም በቤተሰብ ጥሪ ማምጣታቸውን ጻፉ። ከዚያ በኋላ በጦማሩ ላይ የሚጽፍ ሁሉ ከስሙ ሥር እንዴት እንደገባ በአንድ መስመር እንዲያሰፍር ጠየቁ። ሌላ ያጠፉት ነገር አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2025 አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ። አባላት የሆነውን በትክክል እንዲያውቁት ቃለ ጉባኤውን እንዳለ እንጠቅሳለን።

አቶ ንጉሡ፦ «ጋሼ ልሳነወርቅ፣ ይሄ እኮ ሰው ማጋለጥ ነው። የሰው ፔፐር ምን አገባዎት?»

አቶ ልሳነወርቅ፦ «የኔን አስቀድሜ ጻፍኩ እኮ ንጉሡ። ያንተ ምን ያስፈራሃል?»

አቶ ንጉሡ፦ «እኔ ሊጋል ነኝ!»

አቶ ልሳነወርቅ፦ «እንግዲያው አንዲት መስመር ናት፣ ጻፋታ።»

አንድ አባል ከኋላ ወንበር፦ «ጋሽ ንጉሡ የመጣው በዲፕሎማት ሻንጣ ነው፣ የማይጽፈው ማኅተሙ እንዳይቀደድ ነው!» (ሳቅ)

አቶ ታዴዎስ፦ «ሳቁን ተዉት። ጋሼ፣ ሁላችንንም ኢምባራስ አደረጉን። ጽሑፉን ሪትራክት ያድርጉና ነገሩ እዚህ ላይ ይለቅ።»

አቶ ልሳነወርቅ፦ «ውሸት ካለበት አሳየኝ፣ አሁን አነሣዋለሁ። ከሌለበት ግን አላነሣም።»

ውሸት ያሳየ ሰው አልነበረም። እንዲባረሩ ሐሳቡን ያቀረቡት አቶ ንጉሡ ናቸው፤ የደገፉት አቶ ታዴዎስ ናቸው። ሠላሳ አንድ ሰው እጁን አወጣ፣ ዘጠኝ ሰው ተቃወመ። ከ2016 ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ በአንድነት ድምፅ ሲሰጡ ያ የመጀመሪያው ነበር። ጽሑፉም ከጦማሩ ተነሣ። ይህ ጽሕፈት ቤት ከሠላሳ አንዱ እጆች አንዱን አውጥቷል።

አንድን አሮጌ ሰው ከጦማር አባረርን ብለን ወደ ቤታችን ገባን። የስም መዝገቡ አንድ መሆኑን፣ ከዚያ መዝገብ የተሰረዘ ሰው ቀባሪም እንደማይኖረው ያሰበ ሰው አልነበረም። ሕገ መንግሥት እንተነትናለን የምንል ሰዎች የራሳችንን ባለ አራት ገጽ ደንብ አላነበብንም።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ወደ ዕድሩ ደወሉ። ስልኩን ያነሡት የዕድሩ ጥሪ አስተላላፊ ወይዘሮ ዲና ለአባላት መርዶ ለማስተላለፍ መዝገቡን ሲከፍቱ ስሙን አጡት። «ዓለሜ፣ ስሙ ሊስቱ ላይ የለም እኮ፤ ምን ላድርግ?» ብለው እያለቀሱ መጠየቃቸውን ራሳቸው ነግረውናል። ባሏ በሞተ በሁለተኛው ሰዓት አንዲት ሴት ከማኅበራችን ያገኘችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

በዚያው ቀን ሁለቱም ጦማሮች የአቶ ልሳነወርቅን ፎቶግራፍ አወጡ። አንዱ «አንበሳችን»፣ ሌላው «የአቋም አባት» አላቸው። «አንበሳችን» ያለው ሰው በፌብሩዋሪ «ሰርጎ ገብ» ብሎ የጻፈው ያው ሰው ነው። ፎቶግራፉ እንኳን ያው ነው፤ ያን ጊዜ ቀይ መስመር ተጋድሞበት ነበር። መስመሩን ለማጥፋት ብዙ እንዳልደከመ መገመት ይቻላል።

ማክሰኞ የተጠራው ጉባኤ ግማሹ ያለቀው የማን መግለጫ ይቅደም በሚለው ነው። አቶ ንጉሡ «ሰውየውን እንመልሳቸውና በክብር እንቅበራቸው፤ ላይቭ እናስተላልፈው፤ ለሁላችንም ክብር ነው» አሉ። አቶ ታዴዎስ «ይባረሩ ብለህ ሞሽን ያነሣኸው አንተ!» ሲሏቸው፣ «ሰከንድ ያደረግከውስ ማነህ?» ብለው መለሱላቸው። በመጨረሻ አቶ ልሳነወርቅ ወደ አባልነት እንዲመለሱ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የሞተ ሰው መመለስ ለማንም አያስቸግርም፤ ጥያቄ አያነሣም።

ረቡዕ ሦስት ተወካዮች ውሳኔውን ይዘው በርክ ወደሚገኘው የሐዘን ቤት ሄዱ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በጨዋነት አስቀመጧቸው። የተናገሩት ቃል በራሳቸው ፈቃድ እዚህ ሰፍሯል።

«መለስነው ልትሉኝ ነው የመጣችሁት? ወዴት ወስዳችሁት ነበር? ባሌ እስከ ሰኞ እዚሁ ሶፋ ላይ ነበር። አላጠፋም፣ ስለዚህ ምሕረታችሁ አያስፈልገውም። የቤተ ክርስቲያን ወንዶች እንሸከመዋለን ብለውኛል፤ እኔ ግን እምቢ ብያለሁ። አሥራ አምስት ዓመት የተሸከመው የእናንተን ሰው ነው፣ የሚሸከሙትም እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ ጽሑፉን ካነሣችሁበት ቦታ መልሱ። ከዚያ ሳጥኑን የሚይዝ ሰው እሱ የጠየቀውን ይመልስ። አንዲት መስመር ናት። ያልመለሰም ይምጣ፣ ይቀመጥ፣ ያልቅስ። እጀታውን ግን አይንካ።»

ከተወካዮቹ አንዱ «እትዬ፣ ሰው እኮ ኢሚግሬሽን ይፈራል» ቢሏቸው፣ «እሱስ አይፈራም ነበር? የኔን ስም ጨምሮ ነው የጻፈው» ብለው መልሰዋል።

ጽሕፈት ቤቱ በወይዘሮ የዓለምዘርፍ ቃል ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። የአቶ ልሳነወርቅ ጽሑፍ ዛሬ ጠዋት ከነስማቸው ወደ ጦማሩ ተመልሷል። የመባረራቸው ውሳኔ ግን ከቃለ ጉባኤው አይፋቅም። አድርገነዋል፤ ይነበባል። የማክሰኞውን የመመለስ ውሳኔም ቤተሰቡ ስላልተቀበለው በሥራ ላይ አይውልም። ዕድሩና ጦማሩ ከእንግዲህ በሁለት መዝገብ ይያዛሉ። ፎርሙን የሚሞላው ይህ ጽሕፈት ቤት ነው።

ለጥያቄው መልስ ሰጥተው ስማቸው በጦማሩ ላይ የወጣ ሰዎች እስከ ዛሬ እኩለ ቀን ድረስ አምስት ናቸው። ሁለቱ በዲቪ የገቡ ናቸው። አንዱ በእህቱ ጥሪ፣ አንዱ በጥገኝነት የገቡ ናቸው፤ በጥገኝነት የገቡት አቶ ታዴዎስ ናቸው። አምስተኛው ይህንን መግለጫ የሚጽፈው የማኅበሩ ጸሐፊ እንግዳወርቅ ነው። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ፣ ቪዛው ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ተደብቆ ኖሯል፤ ወረቀቱን ያስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው። ሕገ ወጦች ያለ ምሕረት ይባረሩ የሚሉትን ሠላሳ ሰባት ጽሑፎች በጦማራችን ላይ ያወጣውም ይኸው ሰው ነው። አቶ ንጉሡ ጠበቃቸውን አማክረው እንደሚያሳውቁ ገልጸዋል። የቀሩት አባላት ስልካቸውን አያነሡም።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣ ለልጃቸው ለናዝራዊት፣ አብረዋቸው አውቶቡስ ለነዱ የሥራ ባልደረቦቻቸው እንዲሁም በጽሑፋቸው ተምረው ዜጋ ለሆኑት ሁሉ ማኅበሩ መጽናናትን ይመኛል። እግዚአብሔር የአቶ ልሳነወርቅን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍ። እኛንም ያደረግነውን ከማየት አይሰውረን።

የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ቅዳሜ ሜይ 17 ቀን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ፌርፋክስ በሚገኘው መካነ መቃብር ይፈጸማል። የማንኛውም ወገን ባንዲራ፣ ባነርና የምርጫ ዘመቻ ቀይ ኮፍያ አይገባም። በስልክ ማስተላለፍ የተከለከለ ነው። ከቤተሰቡ ሌላ ንግግር የሚያደርግ ሰው አይኖርም።

ሳጥኑ ስድስት እጀታ አለው። መልስ የሰጠን አምስት ሰዎች ነን። ሃምሳ ሁለት አባላት ካሉት ማኅበር እስከ ቅዳሜ ጠዋት ስድስተኛ ሰው ካልተገኘ፣ ስድስተኛውን እጀታ የምትይዘው እዚሁ አገር የተወለደችው ልጃቸው ናዝራዊት መሆኗን ወይዘሮ የዓለምዘርፍ አስታውቀውናል።