የውሃዋ አውቶቡስ እስክትሞላ

ሰኞ

እማዬ ጀልባዋ ላይ ወጥታለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን እግዜር ይወቅ። ስልኩ ተቋረጠ። እኔ ዳላስ አጠገብ ግራንድ ፕሬሪ፣ የምሠራበት መጋዘን ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሳንድዊቼን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

እህቴ ጽጌ ቬኒስ አሮጊት እየጦረች ነው የምትኖረው። ስንት ዓመት ቪዛ ለምና እማዬን ከአዲስ አበባ አስመጣቻት። ተቀብላ ክፍሏ ባስገባቻት ማግስት ጽጌ ራሷን ስታ ወደቀች። ጭንቅላቷ ውስጥ እጢ ተገኘ። ሐሙስ ኦፕሬሽን ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ መናገሯን ሐኪሞቹ እርግጠኛ አይደሉም። ጽጌ ሳትቀደድ እማዬ ልታያት ትፈልጋለች። ሆስፒታሉ የሚደረሰው በውሃ አውቶቡስ ነው፤ እሷ ደግሞ ከቁጥሩ በቀር የፈረንጅ ጽሑፍ አታነብም።

እኔ የጥገኝነት ኬሴ ስላላለቀ ከዚህ አገር ከወጣሁ አልመለስም። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ደግነቱ የበሽተኛ መጠየቂያ ሰዓታቸው ከምሳ ብሬኬ ጋር ይገጥማል።

በኋላ ደወለች። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ አቅጣጫው ነው የተገለበጠው። በዚያው ቁጥር የምትሄድም የምትመለስም ጀልባ አለች ለካ። ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መልሶ አሳፈራት፤ የመጠየቂያው ሰዓት ግን አልፎ ነበር።

ማክሰኞ

እንደዛሬ ሥራዬን ጠልቼው አላውቅም። ጭነት በዛ ተብሎ ብሬካችን ተገፋ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ሎከሬን ስከፍት የእማዬ ሚስድ ኮል ተደርድሯል። ውሃው ዳር ቆማ ጠብቃኝ፣ ፈርታ ተመለሰች።

ጽጌ የድምፅ መልእክት ልካለች። ምላሷ ከብዷል። «እማዬ ትምጣልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።» ደጋግሜ ሰማሁት። ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

ከምኖርበት ከሌክ ሃይላንድስ አልፌ ዳላስን በቅጡ የማላውቅ ሴት፣ ዛሬ የቬኒስን ፌርማታዎች በቃሌ ስሸመድድ ዋልኩ። እዚህ ያለ መኪና ዳቦ አይገዛም። እዚያ መኪና የሚባል ነገር የለም። ቤተሰባችንን እንዲህ አድርጎ የበተነው ማን ይሆን?

ረቡዕ

የመጨረሻዋ ቀን ነበረች።

በመኪናው የሚያመላልሰኝ የሥራ ባልደረባዬ ጌትነት የራሱን ብሬክ ለወጠልኝ። «ሂጂ፣ ሱፐርቫይዘሩን እኔ ሃንድል አደርገዋለሁ» አለኝ። ሮጬ ወጣሁ። ለእማዬ በየትኛው በር እንደምትገባ እያንዳንዱን ነገር ነገርኳት። ገባች። ወንበር አግኝቼ ተቀመጥኩ አለችኝ። በመስኮት ውሃ ይታያል፣ ወለሉም ይወዛወዛል። ደስ አለኝ፤ ሳንድዊቼን እንኳ መብላት ጀመርኩ።

ቆይቼ የት ደረሳችሁ ብላት፣ ገና አልተነሳንም አለች።

«ምን እየጠበቃችሁ ነው?»

«እስኪሞላ ነዋ፣ ልጄ። ሰዉም ትዕግስት የለው፤ እየገባ እየወጣ ሌላ ጀልባ ይይዛል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እማዬ የተቀመጠችው ጀልባ ውስጥ አይደለም። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው መጠበቂያ ውስጥ ነው። ጣሪያ አለው፣ ወንበር አለው፣ ይወዛወዛል። ዕድሜዋን ሙሉ ካልሞላ በማይነሳ ታክሲ የሄደች ሴት በምን ታውቀው? የእኛ ጀልባዎች አፍንጫዋ ሥር ቆመው ሄደዋል።

ጮህኩባት። እናቴ ላይ፣ ፓርኪንግ መሀል፣ እንደ እብድ።

«ወያላ የለ፣ የሚጣራ የለ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ማን ግቢ ይበለኝ?»

በሚቀጥለው ተሳፍራ ስትደርስ ሰዓቱ አልፎ ነበር። የሆስፒታሉ በረኛ በእጁ ምልክት መለሳት። ወደ ቤት ስንመለስ ጌትነት ኤሲውን ከፈተልኝ። ሌክ ሃይላንድስ እስክንደርስ አለቀስኩ።

ሐሙስ

ከኦፕሬሽን ወጥታለች። አልነቃችም።

የቸርቻችን ሰዎች በስልክ ጸለዩልኝ። አሜን ማለት አቃተኝ። እማዬን ይቅርታ ልጠይቅ ደወልኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ መጠበቂያው አጠገብ ቆማ ሰዉ እንዴት እንደሚሳፈር ስታይ እንደዋለች ነገረችኝ። የጀልባዋ ገመድ ሲታሰር ነው የሚገባው አለች። ስለ ትናንቱ ጩኸቴ አንድም ቃል አላነሳችም፤ ባነሳች ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

በምሳ ሰዓት አልደወለችም። ደወልኩ፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ውሃ ውስጥ ገብታለች አልኩ፤ ሌላ ምንም አልመጣልኝም።

ከዚያ በቪዲዮ ደወለች። ከኋላዋ ነጭ አልጋ አለ።

በምን መጣሽ አልኳት። ሳህን በፌስታል የቋጠረች ሴትዮ ስትሳፈር አየች። ይህቺ በሽተኛ ልትጠይቅ ነው ብላ ተከተለቻት፤ ስትሳፈር ተሳፈረች፣ ስትወርድ ወረደች። የእኔ ቁጥርና ፌርማታ ያላደረሳት ቦታ የሴትዮዋ ሳህን አደረሳት።

የጽጌ ራስ በፋሻ ተጠቅልሏል። ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል፤ ማንንም አያይም። እማዬ ስልኩን የጽጌ ጆሮ አጠገብ አደረገችልኝ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እማዬ «ጣቴን ጨብጣኛለች» ትላለች። እኔ ስክሪኑ ላይ የማየው እማዬ ስትጨብጣት ነው።

ብሬኬ ሊያልቅ ሲል የመመለሻውን ጀልባ ልነግራት ጀመርኩ። አያስፈልግም አለችኝ። ወደ ጽጌ ጎንበስ ብላ፣ «ነገም እመጣለሁ እሺ፣ መንገዱን አውቄዋለሁ» አለቻት።

ጽጌ መስማቷን አላውቅም። ስልኬን ሎከር ውስጥ ቆልፌ ገባሁ።