ከአራተኛ ፎቅ ስለሚነሣው መርከብ

ለክቡር ካፒቴን ዘውዴ ዓንደሚካኤል
የረጅም ርቀት መርከብ ዋና አዛዥ
ዞሰንሃይም፣ አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው በር
ፍራንክፈርት አም ማይን

ኅዳር 2012 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ የመርከብ ምርጫዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ዛሬ ጠዋት የደም ግፊትዎን የለካሁት እኔው ራሴ ብሆንም፣ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ነፋሱ የተመቸ፣ ሞገዱ የረጋ፣ የተቀመጡበትም ሶፋ የማይናወጥ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈረቃዬን ጨርሼ ከኖርድኤንድ እስከ ዞሰንሃይም በባቡርና በአውቶቡስ ቆሜ ከመምጣቴ በቀር፣ ተመስገን፣ ደኅና ነኝ።

የዚህ የማኅበራችን መጽሔት አንባቢዎች ግር እንዳይላቸው አንድ ነገር ላስታውቅ። ካፒቴን ዘውዴ ባለቤቴ ናቸው። ባሕረኛ ሆነው አያውቁም፤ ኒደርራድ በሚገኝ ባለ አሥራ አንድ ፎቅ የቢሮ ሕንጻ ሃያ ስድስት ዓመት ሃውስማይስተር ሆነው፣ ማለትም ሕንጻውን ሲጠብቁና ሲጠግኑ ኖረው፣ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ በክብር ጡረታ ወጥተዋል። የካፒቴንነቱን ማዕረግ ያገኙት ከሕንጻው የለቀቀ አንድ መሥሪያ ቤት ጥሎት ከሄደው ሦስት ካርቶን የመርከብ መጽሔት ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት «አንተ» ስል የኖርሁትን ሰው ዛሬ «እርስዎ» ማለቴ የሚያስገርመው ሰው ካለ፣ ማዕረግ ማዕረግ ነውና ይቅርታ ያድርግልኝ።

ጉዳዩን ወደ አደባባይ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። መስከረም ላይ፣ በእንቁጣጣሽ በዓላችን፣ በኪራይ አዳራሹ ውስጥ ማይክሮፎን ጨብጠው፣ «እኔና ሀረገወይን ጡረታችንን የምናሳልፈው ውቅያኖስ ላይ ነው፤ የዞሰንሃይሙን ቤት እንለቃለን፣ የቢሾፍቱንም እንሸጣለን» ያሉት ክቡርነትዎ ነዎት። እኔ በዚያች ሰዓት ሰሃን እየሰበሰብሁ ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወይዘሮ ኣበባ አንገቴን አቅፋ መቼ እንደምንነሣ ስትጠይቀኝ፣ «እኔም አሁን ከእናንተ ጋር መስማቴ ነው» አልኋት፤ ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። በአደባባይ ለተነገረኝ ነገር በአደባባይ መመለሴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ የኪራይ ውላችን ማፍረሻ ደብዳቤ፣ እርስዎ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ያዘጋጁት ኩንዲጉንግ፣ ከቢሾፍቱው ቤት የሽያጭ ውክልና ጋር የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ውሉም ቤቱም በሁለታችን ስም ስለሆነ የእርስዎ ፊርማ ብቻውን አይበቃም። እኔ የምፈርምበት ቦታ እንዳይጠፋኝ ቢጫ ወረቀት ለጥፈውልኛል፤ ስለዚህ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ልጃችን ሳሮን ብነግራት፣ «ማማ፣ ላስ ኢን ዶህ፣ ኤር ትሮይምት ኑር» አለችኝ፤ ተዪው፣ ሕልም እያለመ ነው ማለቷ ነው። እኔ እስከማውቀው ግን ሕልም ኩንዲጉንግ አያስጽፍም። እንግዲህ ብዕሬን ከማንሣቴ በፊት ቅሬታዎቼን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ጥናትዎ ጥልቀት። የመርከቡ አካል ብረት ይሁን፣ አሉሚንየም ይሁን ወይስ ፕላስቲክ የሚለውን ለአሥር ወራት መርምረው፣ የትም ወደብ ሊበየድ ስለሚችል ብረት ይሻላል ብለው መወሰንዎን በአድናቆት ተከታትያለሁ። ሞተሩ አንድ ይሁን ሁለት በሚለው ጉዳይ ላይ ደግሞ ፋሲካን ሙሉ ከራስዎ ጋር ተከራክረዋል። የጨው ውሃን አጣርቶ የሚያስጠጣውን መሣሪያ ሥዕል መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ከግንቦት ጀምሮ ያንጠባጥባል። የእሱ ውሃ ጨው ስለሌለበት ከክቡርነትዎ ሙያ ውጭ እንደሚሆን እረዳለሁ። አንድ ቀን ተሳስቼ «ጀልባህ» ብል፣ ጀልባ ማለት ዓሣ አጥማጅ የሚቀዝፈው እንደሆነ አስረድተው አርመውኛል፤ ከዚያም ወዲያ ቀኝና ግራ ከቤታችን ጠፍተው ማዕድ ላይ ጨው እንኳ፣ ከግራ ለማለት፣ «ከባክቦርድ በኩል አቀብይኝ» እየተባለ ይጠየቃል።

ሁለተኛ፤ ስለ ሠራተኛ ቅጥር። መጽሔትዎ እንደሚለው ለጡረታ የሚመረጥ መርከብ ባልና ሚስት ብቻቸውን ሊነዱት የሚችሉት መሆን አለበት። በየገጹ ባልየው መሪ ይዞ አድማስ ያያል፣ ሚስትየው ገመድ ይዛ ትስቃለች። እኔም ሥራ መቀጠሬን ያወቅሁት ከዚያው ነው። ማቀዝቀዣው በር ላይ በለጠፉት የሥራ ክፍፍል ሠንጠረዥ ውስጥ የእርስዎ ስም አንድ ሳጥን ውስጥ፣ የእኔ ደግሞ አራት ሳጥን ውስጥ ይገኛል፤ ምክትል አዛዥ፣ ምግብ አብሳይ፣ ሐኪም እና ገመድ ያዥ። ስለ እድገቱ እጅግ አመሰግናለሁ። ከሥር በቀይ የተጻፈው ግን አስደንግጦኛል፤ «ጥበቃ በየአራት ሰዓቱ በፈረቃ» ይላል። ካፒቴን፣ እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በፈረቃ ሠርቻለሁ። ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል፤ «ጡረታችን» ያሉት የእርስዎ ጡረታ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ፎርትቢልዱንግ ስላለብኝ ከሥራ በኋላ ለስልጠና እቀራለሁ። ለእኔ ጡረታ ማለት ማንም ደወል ሳይደውልልኝ የምነቃበት ጠዋት ነው። ያን ጠዋት ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ እና ሲነካብኝ እናደዳለሁ።

ሽማግሌዎች ምን እንደሚፈልጉም ከሥራዬ አውቃለሁ። መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚይዙት ብረት፣ ቅርብ የሆነ ሐኪም፣ በር የሚያንኳኳ ሰው ይፈልጋሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የዘጠና ዓመት ሴትዮ እጄን ይዘው ሲለምኑኝ የነበረው ነገ እንድመለስ ነው። ወደ ብራዚል ውሰጂኝ ያለኝ እስካሁን የለም።

ሦስተኛ፤ ስለ ባሕር ልምድዎ። በጥር ወር ዱስልዶርፍ የመርከብ ትርኢት ላይ የፈጸሙትን ገድል ሕዝብ ሊያውቀው ይገባል። መሰላሉ ሥር «ጫማ ይውለቅ» የሚል ጽሑፍ ስላዩ ጫማዎን አወለቁ፤ ከዚያም ልማድ ነውና አማትበው ገቡ። ሻጩ ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቅ ሳሮን «ትራዲስዮን»፣ ባህል ነው፣ ብላ አለፈችው። ካልሲዎ አውራ ጣትዎን አሳልፎ መስጠቱን ግን ማንም በባህል ሊያመካኝልዎ አልቻለም። እኔ ማብሰያው ክፍል ውስጥ ቆሜ ክንዶቼን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ነካሁ። ሽንኩርት ሲቁላላ ጢሱ በየት እንደሚወጣ ብጠይቀው፣ ሻጩ ደንበኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ሰላጣ እንደሚበሉ ነገረኝ።

በሰኔ ደግሞ ለልምምድ ብለው በማይን ወንዝ ላይ ከሆኽስት ወደ ሽቫንሃይም በምታሻግረው ትንሽ ጀልባ ተሳፈርን። መንገዱ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መሀል ላይ ስንደርስ ፊትዎ አመድ መሰለ፤ ማዶ ወርደንም አግዳሚ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ብስክሌት የያዙ አንዲት አሮጊት አዝነው ከረሜላ ሰጡዎ። ወደ ቤት የተመለስነው በአውቶቡስ ዞረን ነው። ጎረቤታችን አቶ ኣስፍሃ፣ ምጽዋ ወደብ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የሠሩ ሰው፣ ይህን ሰምተው አልሳቁም፤ «ሞተሩ መሀል ባሕር ላይ የቆመ እንደሆነ ማን ይመጣላችኋል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ክቡርነትዎም ሳይጨነቁ «አ ዴ አ ሴ እንደውላለን» ብለው መለሱ፤ ኦፔል መኪናችን መንገድ ላይ ሲቆም የምንደውልለትን የእርዳታ ድርጅት ማለትዎ ነበር። አቶ ኣስፍሃ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ረዘም ይላል፣ እጄንም ቶሎ አይለቁም።

አራተኛውን ለጊዜው ዘልዬዋለሁ።

አምስተኛ፤ መርከቡ ስለሚሄድበት ቦታ። ሳሮን ከተወለደች ጀምሮ ቤታችን ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ፤ እዚህ እንቅር ወይስ አገር ቤት እንግባ? በየዓመቱ «ጡረታ ስንወጣ እንወስናለን» ሲሉኝ ኖሩ። እኔም አምኜ የቢሾፍቱን ቤት በየዕረፍታችን እየሄድን አሥራ ሰባት ዓመት አብሬዎ አሠራሁ፤ ዞሰንሃይም ላይ ደግሞ በረንዳችንን በአበባ ሞላሁ። የትኛውን ቢመርጡ ዝግጁ ልሁን ብዬ ነበር። ጡረታው መጣና መልሱ ሁለቱንም የሚያስለቅቅ ሆነ። ውሃ አምሮዎት ከሆነ ቢሾፍቱ ሐይቅ ሞልቷል። ይህ መርከብ ሦስት ሺህ ማይል ነዳጅ ሳይቀዳ እንደሚጓዝ ነግረውኛል፤ አገራችን ግን ወደብ ስለሌላት ሠላሳ ሺህ ቢጓዝም እኛ ዘንድ አይደርስም። እኔ ለዚህ ነገር መርከብ የሚለው ስም ይከብደኛል፤ ጥያቄ ላለመመለስ የሚገዛ ብረት ነው።

የልብዎን አላየሁም ብለው ግን እንዳያስቡ። የሕንጻውን ቁልፎች ያስረከቡ ዕለት፣ መቶ አርባውን አንድ በአንድ ቆጥረው ሰጥተው ሲመጡ፣ እጅዎ ወገብዎ ላይ ቁልፎቹ ይንጠለጠሉበት የነበረውን ቦታ ሲዳብስ አይቻለሁ። አሁንም ይዳብሳል። ያን ጊዜ በጣም አዘንሁልዎ፤ መጽሔቶቹንም ለወረቀት መጣያ ሳልሰጥ የተውኋቸው ስለዚሁ ነው። አሁን ሳስበው ትልቁ ስሕተቴ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻም፣ አራተኛ ፎቅን ያህል ከባሕር የራቀ ቦታ ላይ ሆነው ይህን የመሰለ መርከብ ስለመረጡ፣ እኔንም ሳልወዳደር በአራት የሥራ መደብ ስለሾሙኝ፣ ሕዝብ ፊት ደስታዬን እኔን ቀድመው ስለገለጹልኝ፣ ምስጋናዬ እንደ ነዳጅ ጋንዎ ጥልቅ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ማዕበል አይንካዎ፤ የደም ግፊት መድኃኒትዎም ከእራት በኋላ መሆኑን አይርሱ።

ከማያቋርጥ አክብሮትና ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጋር፣

ሀረገወይን ረታ
ምክትል አዛዥ፣ ምግብ አብሳይ፣ ሐኪም፣ ገመድ ያዥ
እና ገና ያልፈረመች ተከራይ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦

ዘውዴ፣ አራተኛው ይኸውልህ። አልጠየቅኸኝም። ብረትና አሉሚንየም ስታወዳድር አሥር ወር ፈጅቶብሃል፤ እኔን «አንቺስ የት መኖር ትፈልጊያለሽ?» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አልተረፈህም። ማክሰኞ ማክሰኞ ፎርትቢልዱንግ አለብኝ ስልህ ውሸቴን ነበር። ከዱስልዶርፍ እንደተመለስን የሆኽስት መዋኛ ገንዳ ተመዝግቤ ዋና ስማር ነው የከረምሁት። በስድሳ አንድ ዓመቴ ከዳር ዘልዬ ሃያ አምስት ሜትር ዋኝቼ ዜፕፌርድሸን የሚሉትን፣ ለሕጻናት የሚሰጠውን የባሕር ፈረስ ምልክት ተቀብያለሁ። የተማርሁት ትጠይቀኛለህ ብዬ ነው። ብትጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት እሺ እል ነበር።

ወረቀቶቹን ከነቢጫ ምልክታቸው መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። መጥተህ ፊት ለፊቴ ተቀመጥና ጠይቀኝ፣ መልሴን አስቀድመህ ሳትገምት። እስከዚያው ድረስ አንተንም ለማክሰኞ የጀማሪዎች ትምህርት አስመዝግቤሃለሁ። የአዋቂዎቹ ክፍል ስለሞላ ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ነህ፤ እባክህ ካፒቴን መሆንህን አትንገራቸው።