ቁጥር ያልሰጠሁት ደብዳቤ

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ቬንትሌተሩ ዛሬም አልሠራም። ቢሮው ከረፋዱ ጀምሮ እሳት። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ዝርዝር በእጄ ስጽፍ ላቤ ሁለት ስም አጠፋብኝ።

ከሰዓት የምስጋና ኮሚቴ ተሰበሰበ። ቄስ ተርፋሳ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ማገልገል ከጀመሩ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ለመጋቢት 28 ትልቅ ፕሮግራም ታሰበ። የሽማግሌዎች ሰብሳቢው አቶ ሰይፈ ሚካኤል ገና ሳይቀመጡ፦ «ጋቢ እናለብሳቸዋለን። ሰርተፍኬትም በፍሬም።»

«ጋቢ አላቸው» አልኩ።

«ቢኖራቸውስ?»

«አሥራ አንድ አላቸው!»

እውነቴን ነው። ባለቤታቸው ሳጥኑን ከፍተው አሳይተውኛል። በየምረቃው አንድ ጋቢ፣ በየበዓሉ አንድ ጋቢ። በድሬዳዋ ሙቀት! መድረክ ላይ ሲያለብሷቸው ላባቸው በጆሯቸው ሥር ሲወርድ ከፊት ተቀምጬ የማየው እኔ ነኝ። «ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አለ? እኔስ ጠይቄያቸው አውቃለሁ?... ስድስት ለአንድ ተሸነፍኩ። ይባስ ብለው የኮሚቴው ጸሐፊ አደረጉኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ቄስ ጠዋት ገቡ። ይቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። በእጃቸው የጻፉትን አንድ ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «እህት ሌንሴ፣ ቁጥር ሰጥተሽ ለጉባኤው አስገቢልኝ።» ወጡ።

ከሰኔ 30 ጀምሮ ከአገልግሎት እንዲሰናበቱ ይጠይቃሉ። ምክንያት፦ ድካም። አንዲት ቃል። ሃያ ዓመት... ድካም?

ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩ። ቁጥር የለም፣ ማህተም የለም። እዚህ ቢሮ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ሕጉን ያወጣው ጉባኤው ራሱ ነው። እንግዲህ ይቻሉት!

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

«ገባ?» አሉኝ፣ በበሩ ብቅ ብለው።

«የማህተሙ ቀለም አልቋል።»

ቄስን ዋሸሁ። ቀለሙ ገና ትናንት ነው የተሞላው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። እጄ ያሻል፣ ሐሳቤ መሳቢያው ውስጥ ነው።

የባሌን መርዶ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ስድስት ዓመት ሆነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ አዋሽ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ቄስ ከፊት፣ ጎረቤቶቼ ከኋላ። «ትንሽ አሞት ነው፣ ሐኪም ቤት ነው» ምናምን የለም። «ሌንሴ፣ ኢተፋ አርፏል» አሉ። ስሙን ጠርተው። እኔ ምን አደረግሁ? ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩባቸው። ግንባራቸውን አገኘ። ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ለካ አስቀድመው ጎረቤቶቼን «ደም ግፊት አለባት? ስኳር አለባት?» ብለው ጠይቀዋል፣ ውሃ አስይዘው ነው የመጡት።

በማግሥቱ ጫማዬን ይዘው መጡ። «ረስቼ ይዤው ሄጄ ነው» አሉ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። ጫማውን የወሰዱት ተመልሶ መምጫ ሰበብ እንዲሆናቸው መሆኑ የገባኝ ዓመት ቆይቶ ነው።

በዚህ ከተማ ስንት በር አንኳኩተዋል? ንጋት ላይ ቄስ ተርፋሳን ደጁ ላይ ያየ ሰው ገና ሳይነገረው ነው የሚጮኸው። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው በአንዲት ቃል ሹልክ ብሎ ይሄዳል? አይሄድም። አልኩ!

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

የደቻቱን ወንዝ ለመሻገር ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ዐብዲሐኪም። ቄስን ለበሽተኛ ጥየቃ የሚያመላልሳቸው እሱ ነው።

«ቄሱ ምን ሆኑ አቦ? እናታቸው ከሞተች ወዲህ ጨዋታ የለም።»

«አንተ ደግሞ ማን ነገረህ?»

«እኔ ባጃጅ ውስጥ አይደል እንዴ የሰሙት!»

ጥር ላይ ነው፣ ቅዳሜ ቀን። ድልድዩ ላይ ስልካቸው ጮኸ። ባለቤታቸው ናቸው፣ ከጊምቢ። የቄስን እናት ለማስታመም ከኅዳር ጀምሮ እዚያው አገር ቤት ናቸው። «‹አቁም› አሉኝ፣ አቆምኩ። ከኋላ መኪናው ሁሉ ይነፋብኛል፣ እሳቸው ዝም። ወላሂ ሩብ ሰዓት። ከዚያ ፊታቸውን ጠረጉና ‹ንዳ፣ ሙሽሮቹ እየጠበቁኝ ነው› አሉ።»

ሙሽሮቹ! በማግሥቱ እሁድ የአቶ ሰይፈ ሚካኤል ልጅ ሠርግ ነበር። አጋቡ፣ ባረኩ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፎቶ ተነሡ... እኔም መዘምራኑ መሀል ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ለማንም አልተናገሩም። ከሳምንት በኋላ ማስታወቂያ ላይ አንድ መስመር ተነበበ። ስንወጣ በር ላይ እጃቸውን ጨበጥን፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልን፣ አለቀ። ድንኳን የለ፣ አብሯቸው የተቀመጠ የለ። እኔማ... ልጻፈው፣ ማን ያየዋል... እጃቸውን ከጨበጥኩ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የሚፈርሙት ወረቀት አቀረብኩላቸው። ፈረሙልኝ።

አፈርኩ። ባጃጁ ውስጥ አለቀስኩ። ዐብዲሐኪም ሂሳብ አልቀበልም አለ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ቢሮ ሲገቡ በሩን ዘጋሁት።

«የሰው ሠርግ በእኔ ለቅሶ አላበላሽም ብዬ ነው» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ። «ቀብሩም በማግሥቱ ተፈጸመ፤ ብሄድም አልደርስም።»

«ከሠርጉ በኋላስ?»

«በኋላማ... ጊዜው አለፈ። ማክሰኞ ቀብር ነበረኝ። ሐሙስ መርዶ። የሰው እናት ሞተች ብዬ ስናገር የራሴ ትመጣብኛለች። ቃሉን እዚያው እውጠዋለሁ። እንዲህ ሆኜ ማገልገል አልችልም ሌንሴ። ደብዳቤውን አስገቢልኝ።»

«አላስገባም።»

«ምን አልሽ?»

«አላስገባም አልኩ። ከፈለጉ ያባርሩኝ። ማህተሙን ይዤው ነው የምሄደው!»

ቄስ ላይ ጮህኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ፣ መጋቢት 14

ኮሚቴ። ፕሮግራሙ ይቅር፣ ቤታቸው ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ እንቀመጥ አልኩ።

አቶ ሰይፈ ሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለት ወር ያለፈው ሐዘን? እንግዶች ከሲኖዶስ ተጠርተዋል እኮ!»

ባጃጁን ነገርኳቸው፤ ቅዳሜ እንደነበር፣ ድልድዩ ላይ እንደነበር፣ ሙሽሮቹን ሊያለማምዱ እየሄዱ እንደነበር። ሰውየው ጠረጴዛውን ነው የሚያዩት። ተሳካልኝ ስል፣ «እንግዲያው በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ የአንድ ደቂቃ ጸሎት ይጨመር» ብለው ዘጉት።

አንድ ደቂቃ! ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። «ጸሐፊዋ አልተስማማችም» ብዬ አሰመርኩበት። ሁለቴ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ኢዱ እስኪያልፍ ጠበቅኩና መጋላ ሰፈር ሄድኩ፣ ሃሊሞ ዘንድ። ሱቋ ከቄስ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ማንንም አንቱ አትልም፣ ቄስንም ጭምር።

ስነግራት ስኳር ትመዝን ነበር። ሚዛኑን አስቀመጠችው።

«እናቱ ሞታ? ሲስል እሰማዋለሁ እኮ! ኢድ ዕለት ቤቴ መጥቶ በልቶ፣ ለልጆቼ ከረሜላ ሰጥቶ... ምንም አላለኝም!» በሶማሊኛ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ደግ ነገር አይመስለኝም። «እናንተስ አባዮ? የቄስ እናት እናት አይደለችም?»

አባዮ ማለት በእነሱ እህቴ ማለት ነው፤ ስትቆጣም እህቴ ትላለች።

«ድንኳኑን አንቺ አምጪ። ምንጣፍ፣ ውሃ፣ ምግብ ከመንደሩ።»

ቢሮ ተመልሼ ለፕሮግራሙ ድንኳን ለሚያመጣው አከራይ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቦታው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወደ ቄስ ተርፋሳ መኖሪያ ተቀይሯል፣ እሁድ ንጋት 12 ሰዓት። ቁጥር 57/17። ማህተሙን ወረቀቱ እስኪላጥ መታሁት። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ አይደለሁም እንዴ? ይኸው ጻፍኩ!

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

አቶ ሰይፈ ሚካኤል ደወሉ። «ግቢው ውስጥ ድንኳን የለም!» የት እንደሚተከልና በስንት ሰዓት እንደምናንኳኳ ነገርኳቸው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ሰኞ ሥራ ይኖረኝ ይሆን?... የራሳቸው ጉዳይ።

እሁድ፣ መጋቢት 28

እንደሆነው ልጻፍ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደጃቸው ደረስን። ሃሊሞ፣ ባሏ፣ የመንደሩ ሰው፣ ከመዘምራን ስምንት። ዐብዲሐኪም ባጃጁን ከሩቅ አጥፍቶ እየገፋ መጣ። ሃሊሞ ውሃ ይዛለች። እኔ ልናገር ነበር የተባባልነው። በሩን አንኳኳሁ። ቄስ ሽርጥ እንዳገለደሙ ከፈቱ። እኔን አዩ፣ ከኋላዬ ያለውን ሰው አዩ... ፊታቸው ተለወጠ። ይህን አቋቋም ከእሳቸው በላይ ማን ያውቀዋል?

አፌ ደረቀ። አንዲት ቃል እንቢ አለኝ። ያ ሁሉ ጩኸቴ የት ገባ?

አንድ ሰው ከኋላ ትከሻዬን ገፋ አድርጎ አለፈ። አቶ ሰይፈ ሚካኤል! መቼ እንደመጡ አላየሁም። ቄስ ፊት ቆሙ። «ቄስ፣ እናትዎ ወይዘሮ ኩምሺ አርፈዋል» አሉ። ስማቸውን ጠርተው። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ፦ «በልጄ ሠርግ ዋዜማ ነው ያረፉት።»

የሚያውቁትን ነው የነገርናቸው። ሁለት ወር ሙሉ ሲያውቁት የኖሩትን። መርዶ ለሚያውቅ ሰው ይነገራል? ይነገራል። በሩን ይዘው «እማዬ» አሉ፣ እንደ ሕፃን፣ ከዚያ ጉልበታቸው ከዳቸው። ዐብዲሐኪምና የሃሊሞ ባል ደገፏቸው። የዚያ ሰውዬ ልቅሶ... መንደሩ በሙሉ ወጣ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ድንኳኑ መጣ። አምልኮውን ወንጌላዊው መራ፤ ሲያልቅ ምዕመኑ በሙሉ ወደዚያው ነጎደ። የሲኖዶሱ እንግዶችም ጫማቸውን አውልቀው የሃሊሞ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አሉ። አቶ ሰይፈ ሚካኤል ያን ጋቢ ከነፌስታሉ ይዘውት ኖሯል፤ አውጥተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸው። አሥራ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ላባቸው ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ አላወለቁትም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ሦስቱን ቀን ተቀመጥን። እናታቸው እንዴት ያሉ ሴት እንደነበሩ አወሩልን። ቁጡ ነበሩ አሉ። ወደድኳቸው።

ዛሬ ቢሮ መጡ። ሌላ ደብዳቤ። ከፋሲካ በኋላ የአንድ ወር ፈቃድ፤ ጊምቢ ሄደው መቃብሩን ሊያዩ፣ ባለቤታቸውን ይዘው ሊመለሱ። እዚያው እንደቆሙ ቁጥር ሰጠሁት። 63/17።

«ቀለም ተገኘ ማለት ነው?» አሉ።

«ተገኘ።»

«ያኛውስ ደብዳቤ?»

መሳቢያውን አየሁት። እሳቸውም አዩት። «ስመለስ እንነጋገርበታለን» አሉ። እሺ፣ እንነጋገራለን። ቁልፉ ግን እኔ ጋ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ትናንት ማታ ከአርሲ ቤተሰብ ደወለ። ሲፈን የምትባል ልጅ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ፣ ከመዘምራን አንዷ። ወንድሟ ሞቷል። ፈረቃዋ ጠዋት ነው፣ ሳትወጣ ይነገራት። ወንጌላዊው ገጠር ወጥቷል፣ ቄስ ጊምቢ። አቶ ሰይፈ ሚካኤል «አንቺ ተናገሪ፣ ሴት ናት» አሉኝ። አከራይዋን አስቀድሜ ጠየቅኩ። ደም ግፊት የለባትም። ውሃ አስያዝኩ።

አንኳኳሁ። ከፈተች። አፌ ዛሬም ደረቀ፣ ግን ቃሉ ወጣ። «ሲፈን፣ ወንድምሽ በቀለ አርፏል።» የያዘችውን ወረወረችብኝ። ትከሻዬን አገኘኝ። አልተነቃነቅኩም። እስክትደክም ያዝኳት።

ማታ ቄስ ደወሉ። ወሬው ጊምቢ ደርሷል። ሰኞ ከባለቤታቸው ጋር ይመጣሉ።

«ምን ወረወረችብሽ?» አሉኝ።

«የስልክ ቻርጀር።»

ሳቁ። ከጥር ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«አሁን የት ነው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ። ረስቼ ይዤው መጥቼ ነው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። ከዚያ፣ «ነገ ትመልሺላታለሻ» አሉ።

አዎ። ነገ በጠዋት እወስድላታለሁ።